ልጓሙ የላላ ልብ



እስቲ ከሁሉ በፊት የቀኝ እጃችሁን ሁለት ጣቶች በግራ እጃችሁ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል አሳርፉ። ምቱን ስታገኙት አየር በዝግታ ወደ ውስጥ ሳቡ፤ ከዚያ በዝግታ አስወጡ። ደጋግማችሁ ሞክሩት። በተለይ ወጣቶች የሆናችሁ፣ አየሩን ስትስቡ ምቱ ፈጠን፣ ስታስወጡ ዘግየት ሲል ይሰማችኋል። አትደንግጡ፤ ጤናማ ልብ እንዲህ ነው። ምቱን በየትንፋሹ የሚይዘውና የሚለቀው ነርቭ ነው ዛሬ ያሰባሰበን።

ስሙ ቬገስ ይባላል። ከአንጎል በቀጥታ ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች 10ኛው ነው። ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ በአንገታችን ግራና ቀኝ፣ ደም ወደ ራስ ከሚያወጣው ትልቅ የደም ሥር ጎን ለጎን ይወርድና ልብን፣ ሳንባን፣ ጉበትን፣ ጨጓራንና አንጀትን ያዳርሳል። በውስጡ ካሉት ክሮች 80 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከሆድ ዕቃና ከደረት ወደ አንጎል ወሬ የሚያደርሱ ናቸው። ትእዛዝ ይዘው ወደ ታች የሚወርዱት የቀሩት ጥቂቶች ናቸው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ልብ ማንም ሳያዘው በራሱ የሚመታ አካል ነው። ከነርቭ ሁሉ ተለይቶ ቢተው የአዋቂ ሰው ልብ በደቂቃ 100 ጊዜ ገደማ ይመታል። የሌላ ሰው ልብ የተተከለላቸው ታካሚዎች ለዚህ ምስክር ናቸው። በንቅለ ተከላው ጊዜ ነርቮቹ ስለሚቆረጡ፣ አዲሱ ልብ ባለቤቱ አርፎ በተቀመጠበት እንኳ ከ90 እስከ 110 ይመታል። የእናንተ አሁን 70 ገደማ የሆነው ቬገስ ስለያዘው ነው። በቅሎ የጋለበ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ አለንጋ አለ፣ ልጓም አለ። ሲምፓቴቲክ የሚባለው የነርቭ ክፍል ስንደነግጥ፣ ስንቆጣ፣ ስንሮጥ ልብን የሚያስጋልብ አለንጋ ነው። ቬገስ ልጓሙ ነው፤ ያለማቋረጥ፣ ተኝተን ሳለን ሳይቀር የተያዘ ልጓም።

ይህን ለማወቅ ሳይንስ ረዥም መንገድ ሄዷል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1845 ዌበር የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን ወንድማማቾች ቬገስን በኤሌክትሪክ ሲነኩት ልብ እንደሚዘገይ፣ ሲበረታም እንደሚቆም አሳዩ። እንዴት እንደሚያዘገየው ግን ከ70 ዓመታት በላይ እንቆቅልሽ ሆኖ ቆየ። እንቆቅልሹን የፈቱት በኦስትሪያዋ ግራዝ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ኦቶ ሎዊ ናቸው። እሳቸው ራሳቸው እንደተናገሩት ሐሳቡ የመጣላቸው በሕልም ነው። ሌሊት ነቅተው በቁራጭ ወረቀት ላይ ጫሩት፤ ጠዋት ላይ ግን የገዛ ጽሕፈታቸውን ማንበብ አቃታቸው። በማግስቱ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ያው ሕልም ተመለሰ። ዳግመኛ ወረቀትን አላመኑም፤ ተነሥተው ወደ ቤተ ሙከራቸው ሄዱ።

የሁለት እንቁራሪቶችን ልብ አወጡ። አንዱ ከነቬገሱ ነው፤ ሌላው ነርቭ የለውም። የመጀመሪያውን ነርቭ በኤሌክትሪክ ሲነኩት ልቡ ዘገየ። ከዚያ ልቡ የተነከረበትን ፈሳሽ ቀድተው ነርቭ በሌለው በሁለተኛው ልብ ላይ አፈሰሱት፤ እሱም ዘገየ። ነርቩ በኬሚካል ይናገራል ማለት ነው። በ1921 የታተመው ይህ ሥራ አሴቲልኮሊን ለሚባለው ንጥረ ነገር መታወቅ መንገድ ከፈተ፤ ሎዊም በ1936 ከእንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ አይሁዳዊ በመሆናቸው አሰሯቸው፤ ከሀገር እንዲወጡ የተፈቀደላቸውም የሽልማቱን ገንዘብ ካስረከቡ በኋላ ነው። ይህን ማንሣቴ ከርእሳችን መውጣት ቢመስልም፣ ዛሬ በየሆስፒታሉ የምንጠቀምበት ዕውቀት ምን ዓይነት ሰዎች እጅ እንዳለፈ ማወቅ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ውፍረት እንምጣ።

ብዙ ሰው፣ ሐኪሞችም ጭምር፣ የወፍራም ሰው ልብ የሚታመመው ሸክም ስለበዛበት ነው ብሎ ያስባል። ሥጋው ሲበዛ ደሙ ይበዛል፣ ደሙ ሲበዛ ልብ ይደክማል። እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። የዛሬው ንግግሬ ሁሉ ያለው በሌላው ግማሽ ላይ ነው፤ በውፍረት ጊዜ ልጓሙ ይላላል፣ አለንጋው ይበረታል። ልብ ሸክም ተጭኖበት በዚያ ላይ ይገረፋል።

ይህን ከሚያሳዩት ጥናቶች በጣም የምወደው በ1991 ኒው ዮርክ ውስጥ በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታተመው ነው። ሰዎች በፈቃዳቸው ክብደታቸውን 10 በመቶ እንዲጨምሩ ተደረገ። የቬገስ በልብ ላይ ያለው ተጽዕኖ ቀነሰ። 10 በመቶ ሲቀንሱ ደግሞ ተጽዕኖው ተመልሶ ከፍ አለ። ልብ በሉ፤ በሽተኞች አልነበሩም፤ ዓመታት የፈጀ ጉዳትም አልደረሰባቸውም። ነርቩ የክብደትን ለውጥ እየተከተለ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ለምን? ምክንያቱ አንድ አይደለም። ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጓዝ ሳይሆን የሚናገር አካል ነው። ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ይለቃል፤ ሌፕቲን የምግብ ፍላጎትን ከመግታት ሌላ አለንጋውን ያበረታል። ውፍረት ሲመጣ ኢንሱሊንም በደም ውስጥ ይከማቻል፤ እሱም እንዲሁ። በሆድ ዕቃ ዙሪያ ያለው ስብ ብግነት የሚያቀጣጥሉ ንጥረ ነገሮችን ይረጫል። ማታ ደግሞ ብዙ ወፍራም ሰዎች በእንቅልፋቸው ትንፋሻቸው ይቋረጣል፤ አጠገባቸው የተኛ ሰው ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ብሎ እንደገና በጉርምርምታ ሲጀምር ይሰማዋል። በእያንዳንዱ ጸጥታ ኦክስጅን ይወርዳል፣ ሰውነት ይደነግጣል፣ ልብ ይገረፋል። ልብ ሊያርፍበት በሚገባው ሰዓት መሆኑ ነው የሚያሳዝነው።

ውጤቱም የታወቀ ነው። በአሜሪካዋ ፍራሚንግሃም ከተማ 5,881 ሰዎችን የተከታተለውና በ2002 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያመዛዝነው ቢኤምአይ በአንድ አሐድ በጨመረ ቁጥር የልብ ድካም አደጋ በወንዶች 5 በመቶ፣ በሴቶች 7 በመቶ ይጨምራል። ልጓሙ መላላቱ ራሱም አደጋ ነው። በ1998 የወጣ ሌላ ጥናት የልብ ድንገተኛ ሕመም ያለፈባቸውን 1,284 ሰዎች ተከታትሎ፣ ቬገሳቸው የደከመባቸው ቶሎ የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አገኘ።

ስለ እኛ ሀገር አንድ ነገር ልበል። የልብ ክሊኒኮቻችን ለረዥም ዘመን የለመዱት በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የሚበላሸውን የልብ በር ነው። እሱ አልጠፋም፤ አዲሱ ደግሞ በጎኑ እየመጣ ነው። የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናቶቻችን እንደሚያሳዩት በ2000 ከመውለጃ ዕድሜ ሴቶች ውስጥ ክብደታቸው ከሚገባው በላይ የሆነው 3 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 8 በመቶ ደረሱ። በዚያው ጥናት ከሲታ የሆኑት 22 በመቶ ናቸው። ሁለቱ ችግሮች በአንድ ቀበሌ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ወደ እስራኤል የሄዱት ወገኖቻችን ታሪክ ማስጠንቀቂያ ሊሆነን ይገባል፤ ሲገቡ የስኳር በሽታ እምብዛም አይታወቅባቸውም ነበር፤ ዓመታት ሲያልፉ ግን በፍጥነት ጨመረ፣ ያውም ሌሎች ሰዎች ከሚታመሙበት ባነሰ ውፍረት። የፈረንጅ ሠንጠረዥ ቀጭን ናችሁ ስላለን ብቻ ልንዘናጋ አይገባም።

እንግዲህ ልጓሙ ከላላ፣ ማጥበቅ ይቻላል ወይ? ነርቭን በኤሌክትሪክ የማነቃቃት ሕክምና የተነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው ማለት ግን አይቻልም። መጀመሪያ የገባው በሚጥል በሽታ በኩል ነው። መድኃኒት ላልበገራቸው ታካሚዎች ከደረት ቆዳ ሥር የልብ ምት የሚያስተካክለውን ፔስሜከር የሚመስል ባትሪ ይቀበራል፤ ከእሱ ስስ ሽቦ ወደ አንገት ይወጣና በግራው ቬገስ ላይ ይጠመጠማል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ይህን በ1997 ፈቀደ፤ በ2005 ደግሞ መድኃኒት ላልመለሰው ድብርት። መሣሪያው በሚሠራበት ቅጽበት የታካሚው ድምፅ ይጎረናል፣ ሳልም ይመጣል፤ ወደ ድምፅ ሳጥን የሚሄደው ነርቭ የቬገስ ቅርንጫፍ ስለሆነ ነው።

በ2000 አሜሪካዊው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ኬቨን ትሬሲና ባልደረቦቻቸው ያልተጠበቀ ነገር አሳተሙ፤ የአይጦች ቬገስ ሲነቃቃ በሰውነታቸው የተነሣው ብግነት ይበርዳል። ነርቩ ልብን ከመያዝ ሌላ የመከላከያ ሴሎችንም ረጋ በሉ ይላል ማለት ነው። በ2004 ደግሞ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች የልብ ድንገተኛ ሕመም ያለፈባቸውን አይጦች ለ6 ሳምንት በዚህ መንገድ አከሙ። በ140ኛው ቀን ካልታከሙት በሕይወት የተገኙት 50 በመቶ ነበሩ፤ ከታከሙት 86 በመቶ። እንዲህ ዓይነት ልዩነት በልብ ሕክምና ውስጥ በቀላሉ አይገኝም።

ውፍረትንና ልብን አንድ ላይ ያየው ጥናት ግን የታይላንድ ነው። በቺያንግ ማይ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች አይጦችን ለ12 ሳምንት ስብ የበዛበት ምግብ አበሏቸው። አይጦቹ ወፈሩ፤ ሰውነታቸው ኢንሱሊንን መስማት አቆመ፤ የግራ ልባቸው ጉልበት ቀነሰ። ከዚያ፣ ምግቡ ሳይቀየር፣ ከፊሎቹ ለተጨማሪ 12 ሳምንት ቬገሳቸው ሲነቃቃ ቆየ፤ የቀሩት መሣሪያው ተቀብሮላቸው ሳይበራ ቀረ። ውጤቱ በ2016 ታተመ። በታከሙት አይጦች ኢንሱሊን፣ ኮሌስትሮልና የሆድ ዕቃ ስብ ቀነሱ፤ የደም ግፊት ወረደ፤ የምቱ መለዋወጥ፣ መጀመሪያ በጣታችሁ የዳሰሳችሁት ያ ነገር፣ ተመለሰ፤ ልባቸው በርትቶ መግፋት ጀመረ።

ልቦቹ ወጥተው ሲመረመሩ የታየው የበለጠ ያስደንቃል። በእያንዳንዱ የልብ ሴል ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ኃይል አመንጪዎች አሉ። ልብ ዕረፍት የሌለው አካል ስለሆነ ከሌላው አካል ሁሉ በላይ በእነሱ ይመካል። ስብ ሲበዛባቸው ነዳጁን በደንብ ሳያቃጥሉ ጎጂ ጭስ ያመርታሉ፤ ያ ጭስ ሴሉን እስከ መግደል ይደርሳል። በታከሙት አይጦች ማይቶኮንድሪያዎቹ ሥራቸውን በአግባቡ ሲሠሩ ተገኙ፤ የብግነቱና የሴል ሞት ምልክቶችም ቀንሰው ነበር። አንገት ላይ የተነካ ነርቭ በልብ ሴል ውስጥ ያለ ኃይል አመንጪ ጋ ደርሶ ጥገና አደረገ! ይህን ባነበብሁ ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ልደብቃችሁ አልችልም።

አይጥ ግን ሰው አይደለም፤ እዚህ ላይ በግልጽ መነጋገር አለብን።

በሰው ላይ የተደረጉት ትልልቅ ሙከራዎች ያተኮሩት ልባቸው በደከመ ታካሚዎች ላይ ነበር። ሕንድ ውስጥ በ60 ሰዎች ላይ የተደረገውና በ2014 የወጣው ሙከራ የልብ ጉልበት መሻሻሉን ዘገበ፤ ነገር ግን ለማነጻጸሪያ ያልታከመ ቡድን አልነበረውም። በዚያው ዓመት 96 ሰዎችን ያቀፈ፣ ማነጻጸሪያ ያለው ሙከራ ታተመ፤ ታካሚዎቹ ኑሯችን ቀለለ ቢሉም የልባቸው መጠን አልተለወጠም። ከሁሉ ትልቁ በ2016 የተዘገበው የ707 ሰዎች ሙከራ ነው። ከታከሙት 30.3 በመቶ ሞት ወይም የልብ ድካም መባባስ ገጠማቸው፤ ካልታከሙት 25.8 በመቶ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን ትርጉም ያለው አልነበረም፤ ተስፋ የተጣለበት ጥቅም ግን አልተገኘም፤ ሙከራውም ከጊዜው በፊት ቆመ።

ብዙዎች በዚህ ጊዜ ጉዳዩን ዘጉት። እኔ አልዘጋሁትም፤ ምክንያቴን ልንገራችሁ። የያዛችሁልኝን ቁጥር አስታውሱ፤ ከቬገስ ክሮች 80 በመቶ ገደማው ወደ ላይ የሚሄዱ፣ ወደ ልብ የሚወርዱትም ከቀሩት ጥቂቶች መካከል ናቸው። ሽቦው ጠቅላላውን ነርቭ ሲነካ መጀመሪያ ድምፅን የሚያጎረኑትና ሳል የሚያመጡት ክሮች ይቀሰቀሳሉ። ታካሚው አልቻልኩም ይላል፤ ሐኪሙ ኃይሉን ይቀንሳል፤ ወደ ልብ የሚወርዱት ክሮች ሳይነኩ ይቀራሉ። በአንዱ ሙከራ ላይ ኋላ የተደረገ ትንተና፣ የልብ ምት ለመሣሪያው ምላሽ ሲሰጥ የታየው በጥቂት ታካሚዎች ብቻ መሆኑን አሳይቷል። መጠኑ ያልደረሰ መድኃኒት አልሠራም ብሎ መደምደም ይከብዳል። ከዚህም ሌላ እነዚያ ታካሚዎች ልባቸው አስቀድሞ የሰፋና የተጎዳ ነበር። የቺያንግ ማይ አይጦች ግን ገና በጉዞው መጀመሪያ ላይ ነበሩ።

በውፍረት በኩል ሌላም ትምህርት አለ። በ2015 አሜሪካ ውስጥ ውፍረትን ለመቀነስ የተፈቀደው መሣሪያ ቬገስን የሚያነቃቃ ሳይሆን ሆድ አጠገብ የሚዘጋ ነበር፤ የረኀብ ወሬ ወደ አንጎል እንዳይደርስ። ከ12 ወር በኋላ የታከሙት ከትርፍ ክብደታቸው 24.4 በመቶ ቀነሱ፤ የይስሙላ መሣሪያ የተገጠመላቸው ደግሞ 15.9 በመቶ። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙም አልተስፋፋም። አንዱ ሐኪም ነርቩን ቀስቅሱት፣ ሌላው ዝጉት ሲል ብትሰሙ ግራ አትጋቡ፤ የሚነኩት ቦታም የሚፈልጉት ውጤትም የተለያየ ነው።

አሁን በጣም ወደማምንበት ክፍል ደረስሁ። ጆሮውን ሲጠርግ የሚያስለው ሰው በመካከላችሁ አለ? እንዲህ የሚሆነው ከቬገስ አንድ ትንሽ ቅርንጫፍ ወደ ጆሮ ስለሚመጣ ነው። በጆሮ ቀዳዳ ደፍ ላይ፣ በፊት በኩል ያለችውን ትንሽ ጉብታ ንኳት። ቢላዋ ሳይነሣ፣ ቆዳ ሳይቀደድ፣ በመቆንጠጫ ብቻ ነርቩን መድረስ የሚቻለው እዚያ ነው። በአሜሪካ የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ይህን መንገድ ይዘው ሠርተዋል። በ2020 ባወጡት ጥናት የልብ ምት መዛባት ያለባቸው 53 ሰዎች በቀን አንድ ሰዓት ለ6 ወር መቆንጠጫውን አደረጉ፤ ከፊሎቹ ቬገስ በማይነካበት በታችኛው የጆሮ ጫፍ ላይ። በትክክለኛው ቦታ ያደረጉት ምታቸው የሚዛባበት ጊዜ ከሌሎቹ በ85 በመቶ አንሶ ተገኘ።

በ2022 ያወጡት ደግሞ ለርእሳችን ይበልጥ ይቀርባል። ልብ በደንብ እየጨመቀ፣ ነገር ግን ጠጥሮ ዘና ማለት ሲያቅተው የሚመጣ የልብ ድካም አለ፤ ከውፍረት፣ ከስኳርና ከግፊት ጋር የሚሄደው ይህኛው ነው። 52 እንዲህ ያሉ ታካሚዎች በቀን አንድ ሰዓት ለ3 ወር መቆንጠጫውን አደረጉ፤ ከፊሎቹ በትክክለኛው ቦታ፣ ከፊሎቹ በጆሮ ጫፍ ላይ። በትክክለኛው ቦታ ያደረጉት የልብ ጡንቻቸው አሠራር ተሻሻለ፤ በደማቸው ያለው የብግነት ምልክት ቀነሰ፤ ኑሯችን ቀለለ አሉ። 52 ሰው ጥቂት ነው፤ 3 ወርም አጭር ነው። ሕይወት ያድናል ለማለት ገና ብዙ ይቀራል። አቅጣጫው ግን ከአይጦቹ ጋር ይገጥማል።

አንድ የሚያስቸግር እውነት ልጨምር። ለወፍራም ሰው ልብ በትልቅ ሙከራ ከተረጋገጠላቸው መድኃኒቶች አንዱ ሴማግሉታይድ ነው። በ2023 በታተመው፣ የልብና የደም ሥር ሕመም ያለባቸውን 17,604 ሰዎች ባቀፈ ጥናት በልብና በደም ሥር ሰበብ የሚመጣ ሞትን፣ የልብ ድንገተኛ ሕመምንና ስትሮክን አንድ ላይ ሲቆጠሩ አደጋቸውን በ20 በመቶ ቀንሷል። ይህ መድኃኒት የልብ ምትን ጥቂት ከፍ ያደርጋል እንጂ አያዘገይም። ልጓም ማጥበቅ ብቸኛው በር አይደለም ማለት ነው፤ ምቱ ዘገየ ማለትም ብቻውን ልብ ዳነ ማለት አይደለም።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ጆሮ ላይ ተሰክቶ ቦርጭ ያጠፋል፣ ልብ ያድሳል እየተባለ በማኅበራዊ መገናኛ የሚሸጥ መሣሪያ አትግዙ። ምታቸው አስቀድሞ የዘገየ፣ ፔስሜከር የተቀበረላቸው ሰዎችማ ያለ ሐኪም ጭራሽ እንዳይነኩት። የሮክፌለሩ ጥናት ያሳየው 10 በመቶ ክብደት በእጃችን አለ፤ በየዕለቱ ፈጠን ብሎ መራመድ ቬገስን ያበረታል፤ በእንቅልፉ ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰው መታከም አለበት። ወፍራም ዘመዳችሁንም በየድግሱ በሰው ፊት አትገሥጹት። በውስጡ የሚጎትቱት ሆርሞኖችና ነርቮች ምን ያህል እንደሆኑ አሁን ታውቃላችሁ፤ ውርደት ደግሞ ራሱ አለንጋ ነው።

በመካከላችሁ ያሉ ወጣት ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች ይህን ስሙኝ። ከደረት ሥር የሚቀበረው መሣሪያ ለአብዛኛው ታካሚያችን ውድ ነው። የጆሮው መንገድ ግን የሚፈልገው ትንሽ የኤሌክትሪክ ምንጭ፣ መቆንጠጫና ትዕግሥት ነው። የምቱን መለዋወጥ ለመለካት የሚያስፈልገው የልብ ኤሌክትሪክ መመዝገቢያ በብዙ ሆስፒታሎቻችን አለ። ግፊትና ውፍረት ያለባቸውን፣ ልባቸው ገና ያልሰፋ ታካሚዎች በፈቃዳቸው መዝግቦ፣ ከፊሎቹን በትክክለኛው ቦታ፣ ከፊሎቹን በጆሮ ጫፍ አድርጎ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት መከታተል እዚሁ አዲስ አበባ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው። በዓለም ላይም ይህ ጥያቄ በበቂ አልተጠየቀም። ሥራውን የሚጀምር ካለ ንድፉን አብሬ ቁጭ ብዬ እሠራለሁ፤ ከመድረኩ ስወርድ ፈልጉኝ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።